ክረምት፣ ልጆችና ጭቃ



ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጅ ቤት ዋለ ማለት ደግሞ ወይ ቴሌቪዥኑ ላይ ወይ የእናቱ ስልክ ላይ ተደፋ ማለት ነው። «ዝናብ ነው፣ የት ይሂድ?» ትሉናላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ግን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ቂርኣቱን ጨርሶ ዝናቡ እስኪመጣ ያለችው ረፋድ ለደጅ ሥራ ትበቃዋለች።

ባለፈው ክረምት ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ሁለት በሬዎች ከነቀንበራቸው በጭቃ ሠርቶ አሳየን። ቀንበሩ የክብሪት እንጨት ነበር። በማግስቱ ባዶ እጁን መጣ። አባቱ «ምስል መሥራት ሐራም ነው» ብለው ሰባብረውበታል። ለዲናቸው ተቆርቁረው እንጂ ልጃቸውን ጠልተው እንዳልሆነ እናውቃለን። ልጁ ግን ክረምቱን ሙሉ ጭቃ አልነካም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አሻንጉሊቶች እንደነበሯት በሐዲስ ተዘግቧል። በመካከላቸው የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምንነቱን ጠይቀዋት መልሷን ሲሰሙ ሳቁ እንጂ አልሰበሩባትም። ብዙ ዑለማዎች የልጆችን መጫወቻ ከተከለከለው ምስል ለይተው የፈቀዱት ከዚህ ተነሥተው ነው። ልቡ ያልረጋ ወላጅ ቢኖር ልጁ ቤት፣ አጥር ወይም ጎተራ ይሥራ፤ እጁ ግን ሥራ አይፍታ።

መረሬው ጥቁር አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ውስጥ ጭድ የሚገባው ለዚህ ነው። ይህን አስቀድመን ባንነግራቸው እንመርጣለን። ልጁ መጀመሪያ ያለ ጭድ ሠርቶ ይሰንጠቅበት፤ ከዚያ ጭድ አድቅቆ አብሮ አቡክቶ ይሞክርና ልዩነቱን ራሱ ይይ። የተሠራው ነገር ከጣሪያ ሥር በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይፈነዳል። አፈር ፍለጋ ወንዝ ዳር መውረድ ግን በክረምት ፈጽሞ አይታሰብም፤ እዚህ ብራ ሆኖ ሳለ ላይ የዘነበው ጎርፍ ድንገት ይደርሳል።

ከፍ ከፍ ያሉት የሽቦ መኪና ይሥሩ። ጎማው ከተበጠሰ ሲሊፐር ይቆረጣል። ቆርኪም ይሆናል፣ ግን ጭቃ ላይ ይሰምጣል። የሽቦው ጫፍ ዓይን እንዳይወጋ በፒንሳ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ይህን ትልቅ ሰው ቢሠራው ይሻላል። ከዚያ ውጭ ግን እጃችንን እንሰብስብ። መሪው ቢጣመምም የእሱ መሪ ነው። (ሽቦ የወንድ ልጅ ሥራ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ባለፈው ክረምት ከሁሉ ይልቅ በደንብ የሚዞር መሪ የሠራችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።) ልብሱ ይቆሽሻል፤ አንድ አሮጌ ሱሪ ለዚሁ ይመደብለት።

ያንን ልጅ ዘንድሮም እናስተምረዋለን። የትምህርት ቤቱ በር እንደተዘጋ አባቱን ቁጭ ብለን አነጋገርናቸው። በሬዎቹን እሺ አላሉም፤ ጎተራውን ግን ፈቅደዋል። ልጁ ትናንት ጭድ የት እንደሚገኝ ሲጠይቀን ነበር።