ይድረስ ለወገኖቼ፦ ስለ ሰው ልጅ ዘረመልና ስለ ባለቤትነቱ

ይድረስ በአገር ቤት ላላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይልቁንም ሕግ ለምታረቁ፣ ድውይ ለምትፈውሱ፣ ደቀ መዝሙር ለምታስተምሩና ልጆቻችሁን በጤና ለማሳደግ ለምትደክሙ ሁሉ።

በምኖርበት በአሜሪካ አገር ሊቃውንቱንና ዳኞቹን ሲያከራክር ስለ ኖረ አንድ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ይኸውም ከእናትና ከአባት የሚወረሰውን፣ ሊቃውንት ዘረመል ወይም ጂን የሚሉትን የሰውነታችንን የተፈጥሮ ጽሕፈት፣ ቀድሞ ያገኘው ሰው «የድካሜ ፍሬ ነውና ሌላ አይንካብኝ» ብሎ በፓተንት ሊያስከብረው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ሙግት ነው። የባዕድ አገር ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት የምለምናችሁ፣ ፍርዱ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ ሳይፈታ የቀረ ቋጠሮ ስላለና ያም ቋጠሮ እኛንም የሚያስር ስለ ሆነ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ በሴቶች ላይ የሚጸናው የካንሰር ደዌ ነው። በአንዳንድ ቤተ ሰብ እናት በጡት ካንሰር ስትሞት ልጅም በዚያው እየተከተለች፣ ደዌው እንደ ርስት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ያዩ ሐኪሞች ምክንያቱን ሳይደርሱበት ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ በ1990 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው ሜሪ ክሌር ኪንግ የደዌው ሥር በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ በማስረጃ ገለጠች። ከዚያ ወዲያ ቦታውን ለይቶ ለማውጣት በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ይሽቀዳደሙ ጀመር፤ በ1994ም በዩታ ግዛት የነበሩት ማርክ ስኮልኒክና ባልንጀሮቹ፣ ማይሪያድ ጀነቲክስ በተባለው ኩባንያቸው አማካይነት፣ ከመንግሥት የምርምር ተቋም ሰዎችም ጋር በመተባበር ቀደሙ። ዛሬ ብራካ 1 የሚባለው ዘረመል ይህ ነው፤ በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ብራካ 2 ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። ኋላ ፍርድ ቤቱ በብያኔው እንደ ጻፈው፣ በአሜሪካ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ100 ከ12 እስከ 13 ሲሆን፣ በእነዚህ ዘረመሎች ውስጥ ክፉ ለውጥ የተገኘባት ሴት ግን ከ50 እስከ 80 ይደርስባታል፤ የእንቁላል ዕጢ ካንሰርም ከ20 እስከ 50።

ኩባንያው በዘረመሎቹ ላይ ፓተንት ባገኘ ጊዜ ምርመራው በእርሱ እጅ ብቻ ቀረ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ያደርጉት የነበረውን ምርመራ እንዲያቆሙ በደብዳቤ ታዘዙ፤ የምርመራው ዋጋም ከ3,000 ዶላር በላይ ወጣ። ከዋጋው ይልቅ የከፋው ግን፣ ጡትሽን ወይም የእንቁላል ዕጢሽን በቀዶ ጥገና አስወግጂ ተብሎ ይህን የሚያህል ምክር የቀረበላት ሴት፣ ውጤቱ እውነት መሆኑን በሌላ ቤተ ሙከራ አስመርምራ ልታረጋግጥ የማትችል መሆኗ ነበር። ሰው በገንዘቡ ጉዳይ ሁለት ምስክር በሚፈልግበት ዓለም፣ በገዛ ሥጋዋ ጉዳይ በአንድ ምስክር ቃል እንድትቆረጥ ተፈረደባት።

ስለዚህም በ2009 የአሜሪካ ሲቪል ነጻነቶች ኅብረት የሐኪሞችን፣ የተመራማሪዎችንና የሕሙማንን ጉዳይ ይዞ በኒው ዮርክ ክስ መሠረተ። ዳኛ ሮበርት ስዊት በ2010 ፓተንቶቹ ፈራሽ ናቸው ብሎ ፈረደ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ስለ ዘረመሎቹ የተሰጠውን ፍርድ ሻረው፤ ነገሩም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። በዚህ ሙግት ውስጥ እጅግ የሚያስገርመው የመንግሥት ሁኔታ ነበር፤ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለውን መብት ሲሰጥ ኖሮ፣ ይኸውም በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ከሰው ዘረመሎች አንድ አምስተኛ የሚያህሉት በአሜሪካ ፓተንት ውስጥ መግባታቸውን እስኪመሰክር ድረስ፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ጠበቆች ግን በመሥሪያ ቤቱ ልማድ ላይ ተነሥተው ከሰው አካል የተለየ ዘረመል በፓተንት ሊያዝ አይገባም ብለው ለፍርድ ቤቱ ጻፉ።

የኩባንያው ክርክርም እንዲያው የስግብግብነት ክርክር ነበር ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ጠበቆቹ በመጀመሪያ፣ ዘረመል በሰውነት ውስጥ ሳለ ከረጅሙ ሰንሰለት ጋር ተጋጥሞ እንደሚኖርና ተለይቶ ሲወጣ ግን የኬሚካል ማያያዣው ስለሚበጠስ፣ ከላቦራቶሪ የወጣው ነገር በተፈጥሮ የማይገኝ አዲስ ነገር ነው አሉ። ቀጥለውም፣ ለዓመታት ገንዘቡንና ዕውቀቱን ያፈሰሰ ሰው ለጊዜው እንኳ ብቸኛ ተጠቃሚ ካልሆነ ማን ዳግመኛ ይደክማል ሲሉ ጠየቁ። ለምስክርም የ1980ውን ፍርድ ጠቀሱ፤ በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ አናንዳ ቻክራባርቲ የተባለው ሊቅ ድፍድፍ ዘይት እንዲበላ አድርጎ ያበጀው ባክቴሪያ ሕያው ቢሆንም እንኳ የሰው እጅ ሥራ ስለ ሆነ ፓተንት ይገባዋል ብሎ ነበርና።

በ2013 ሰኔ 13 ቀን ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ዘጠኙም ዳኞች በውጤቱ የተስማሙበትን ፍርድ ሲያወጣ፣ ልዩነቱን በዚያው በእጅ ሥራ ላይ አቆመው። የቻክራባርቲ ባክቴሪያ ቀድሞ ያልነበረ ጠባይ ተሰጥቶታል፤ ማይሪያድ ግን ምንም እንኳ የላቀና የሚጠቅም ነገር ቢያገኝ፣ ያገኘውን አልፈጠረውም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩን ለማስረዳት ቁም ጸሐፊን ማሰብ ይበቃል፦ አንድ ደብተራ ከጥንታዊ ብራና ጥራዙን ፈትቶ አንዱን ቅጠል ቢያወጣ ክሩ ተበጥሷል፣ ቅጠሉም ብቻውን ቆሟል፤ በቅጠሉ ላይ ያለውን ቃል ግን ደብተራው አልደረሰውም። ፍርድ ቤቱም የኩባንያው ጥያቄ በኬሚካሉ አካል ላይ ሳይሆን በውስጡ በተጻፈው መልእክት ላይ መሆኑን ተመልክቶ ክሩ በመበጠሱ አልተታለለም። በአንጻሩ ብራካ 1 በተፈጥሮው 80,000 ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ ፕሮቲን ለመሥራት ከማያገለግለው ክፍል ተጣርቶ 5,500 ያህል ብቻ ሆኖ በላቦራቶሪ የሚሠራውን፣ ሲ.ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን ቅጅ፣ የሰው ሥራ ነውና ሊያዝ ይችላል አለ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በውጤቱ ቢስማማም፣ የሞለኪውል ባዮሎጂን ረቂቅ ዝርዝር በራሱ ዕውቀት ሊያረጋግጥ እንደማይችል ለብቻው መጻፉ፣ በከፍተኛ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚያስመሰግን ትሕትና ይመስለኛል።

ፍርዱ በተሰጠበት በዚያው ቀን ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ምርመራውን በረከሰ ዋጋ ለመስጠት መዘጋጀታቸውን አወጁ። በ2015ም የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ተመሳሳይ ፍርድ ሰጠ፤ አውሮፓ ግን በ1998 ባወጣችው መመሪያ የሰው አካል በራሱ አይያዝም ብላ፣ ከአካል ተለይቶ የወጣውን ክፍል ግን እንዲያዝ ስለ ፈቀደች፣ አንዱ ዘረመል በአንዱ አህጉር ነጻ ሲሆን በሌላው ባለቤት ሊኖረው ይችላል። በአሜሪካም ቢሆን የምክር ቤት አባሎች ሕጉን እንደ ገና ለመለወጥ ረቂቅ ከማቅረብ አልቦዘኑም።

አሁን ወደ ቋጠሮው ልምጣ። ፍርዱ ዘረመሉን ነጻ አወጣ፤ መዝገቡን ግን ነጻ አላወጣም። በአንዲት ሴት ዘረመል ውስጥ የተገኘ ለውጥ ክፉ ይሁን ደህና የሚታወቀው፣ ያው ለውጥ ካላቸው ከብዙ ሺህ ሴቶች ታሪክ ጋር ተመዛዝኖ ነው፤ ማይሪያድም ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ብቻውን ሲመረምር የሰበሰበውን የትርጓሜ መዝገብ፣ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለሕዝብ ማካፈሉን አቁሞ ነበር። ፓተንት በ20 ዓመት ያልቃል፤ ተቆልፎ የሚቀመጥ ዕውቀት ግን የጊዜ ገደብ የለውም። በየመዝገቡ ውስጥ ወገኖቻቸው በብዛት ያልተጻፉ ሴቶች ደግሞ መልስ ሲጠይቁ የሚያገኙት «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ቃል ነው፤ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሴቶች የአውሮፓ ዘር ካላቸው ይልቅ ይህን መልስ አዘውትረው እንደሚቀበሉ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ የአዲስ አበባዋም ሆነ እዚህ በስደት ያለችው እኅታችን የምትጎዳው ዘረመሏ ስለ ተወሰደባት ብቻ ሳይሆን፣ ጭራሹን ስላልተነበበላትም ጭምር ነው።

የእኛ ጽሕፈት መነበብ ለእኛው ምን እንደሚጠቅም ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃኛል። በ1996 የታተመ፣ በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ብዙ መድኃኒቶችን በጉበት ውስጥ የሚለውጠውን ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 የተባለውን ዘረመል ከተመረመሩት መካከል 29 ከመቶ የሚሆኑት በተደጋገመ ቅጅ ይዘውት አገኘ፤ ይህም በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘንድ ከሚታየው እጅግ የበዛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለሕመም ማስታገሻ ኮዴይን ቢሰጠው ሰውነቱ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ለአደጋ ይጋለጣል፤ ሌላ መድኃኒት ደግሞ ሳይጠቅመው ከሰውነቱ ይጠፋል። በባዕድ አገር ሰው ልክ የተሰፋ የመድኃኒት መጠን ለእኛ እንደማይሆን የነገረን የእኛው ደም ነው፤ የተነገረንም ደሙ ስለ ተሸሸገ ሳይሆን ስለ ተጠናና ውጤቱ ለሁሉ ስለ ታተመ ነው።

የዘረመልን ባለቤትነት በተመለከተ ሕጋችን በአንድ በኩል ቀድሞ የነቃ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1987 የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 ግኝትና የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ፓተንት እንደማይሰጣቸው ደንግጓል፤ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርም በዓለም አደባባይ ስለ አፍሪካ ቆመው ሕይወት ያለው ነገር የግል ንብረት እንዳይሆን በብርቱ ተሟግተዋል። ነገር ግን ሕግ ብቻውን እንደማይጠብቀን የጤፍ ታሪክ ያስተምረናል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ፣ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከስሮ፣ መብቱ ለሌላ ተላልፎ፣ አገራችን ከስምምነቱ ይህ ነው የሚባል ፍሬ ሳታገኝ ቀረች። በ2018 በሄግ ያለው ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ሲሽረውም፣ ተከራክሮ ያሻረው ፓተንቱን ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ሌላ የኔዘርላንድ ኩባንያ እንጂ እኛ አልነበርንም። የጤፉና የቡናው ዘር ግን ቢያንስ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የሚባል ጋሻ አለው፤ የሰው ዘረመል በዚያ ስምምነት እንደማይጠቃለል አባል አገሮቹ በ1995 አረጋግጠዋልና፣ የደማችን ጋሻ ደም ሰጪው የሚሰጠው ፈቃድና ተቋማቱ የሚፈርሙት ውል ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ደም ለምርምር ስትጠየቁ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ውጤቱም በምን መንገድ ወደ እናንተ እንደሚመለስ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። የምርምር ተቋማትን የምትመሩ፣ ናሙና ከአገር ሲወጣ የመዝገቡ ሙሉ ቅጅ በአገር ውስጥ እንዲቀር፣ የእኛም ተመራማሪዎች ደም ቀጂ ብቻ ሳይሆኑ ተርጓሚም እንዲሆኑ በውሉ አስገቡ። ሕግ የምታወጡም፣ የሰውን የዘረመል መረጃ በተለይ የሚመለከት፣ የሰጪውን ስም የሚሰውር፣ ለፈውስ የሚያገለግለውን ትርጓሜ ግን ለሐኪም ሁሉ የሚከፍት ሕግ አርቁልን።

ከዚህ ጋር አንድ ፈተና እንዳይጥለን እፈራለሁ። «ደማችን የእኛ ብቻ ነው» ብሎ በሩን መዝጋት ክብር መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ይህ ቃል ዘጠኝ ዳኞች ከኩባንያው አፍ ሰምተው የጣሉት ቃል ነው። በገዛ መሥሪያ ቤታችን ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ማንም የማያነበው መዝገብ፣ በዩታ ከተቆለፈው መዝገብ ይልቅ ለታመመችው እኅታችን አይጠቅማትም። እኛም በስደት ያለነው የልጆቻችንን ሐኪም በሚያገለግል ግልጽ መዝገብ ውስጥ፣ በፈቃዳችንና በጥንቃቄ፣ ለመጻፍ ማመንታት አይገባንም።

ዘረመልን ማንም እንዳይይዘው መከልከል የዳኛ ሥራ ነው፤ አንብቦ ለበሽተኛው መድኃኒት ማድረግ ግን የሊቃውንትና የመንግሥት ሥራ ስለ ሆነ፣ ይህን ሥራ ሌላ እንዲሠራልን አንጠብቅ። እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ወንድማችሁ።