ጤና አዳም የገባበት ጂን መድኃኒት አይሆንም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። «ዶክተር፣ ጂን በጤና አዳም ለጨጓራ ጥሩ ነው የሚባለው እውነት ነው?» «በናናና በሎሚ ከሆነስ ለጉንፋን አይሆንም?» ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቅዳሜና እሁድ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ወጣ ብሎ፣ ከሜዳው ቅጠል ቀንጥሶ፣ ብርጭቆ ውስጥ ጨፍልቆ፣ ጂን፣ ሎሚና አምቦ ውሃ ጨምሮ በቪዲዮ መልቀቅ እየተለመደ ነው። ከስር ደግሞ «ናቹራል ነው፣ ጤና ነው» ተብሎ ይጻፍበታል።

የኔ አቋም አጭር ነው፦ ቅጠሉ ጂኑን መድኃኒት አያደርገውም። እንዲያውም አንዳንዱ ቅጠል ችግሩን ያብሰዋል። ለምን እንደምል አንድ በአንድ እንየው።

በመጀመሪያ «ናቹራል» የሚለውን ቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጂን ስሙንም ጣዕሙንም ያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው፤ ጥንት በሆላንድ ሲጀመርም እንደ መድኃኒት ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻገረና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደንን እንዲህ አድርጎ አሰከራት፤ መንግሥት በ1751 ሽያጩን የሚገድብ ሕግ እስከማውጣት ደረሰ። ቅመም የገባበት አልኮል «መድኃኒት» ተብሎ ገብቶ ምን እንደሚሆን ዓለም አንዴ አይቶታል። እኛም ቤት አረቄ በነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ በጤና አዳም እየተባለ ለጉንፋን ሲሰጥ ነው ያደግነው። አሁን ብርጭቆው አማረ፣ በረዶ ተጨመረበት እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ለጨጓራ? አልኮል የጨጓራን ግድግዳ ይቆጣል እንጂ አያድንም። ስትጠጡት የሚሰማችሁ ሙቀት ፈውስ አይደለም። ለብርድ? አልኮል ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ስሮች ስለሚያሰፋ የሞቃችሁ ይመስላችኋል፤ በእውነቱ ግን ሰውነታችሁ ሙቀቱን ወደ ውጭ እየጣለ ነው። በሱሉልታ ብርድ ማታ ማታ ይሄ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በግልጽ ተናግሯል። አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበውም ገና በ1988 ነው። ጤና አዳም ጣል ስላደረግንበት ይሄ አይለወጥም።

አሁን ወደ ቅጠሎቹ እንምጣ። አብዛኛው ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

1. ጤና አዳም። ቡና ላይ አንድ ቀንበጥ ጣል ማድረግ ሌላ፣ እፍኝ ሙሉ ጨፍልቆ አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍ ሌላ ነው። አልኮል ውሃ የማያወጣውን ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ውስጥ ያወጣል። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን የማኮማተር ጠባይ አለው፤ ጉበትና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም ለማርገዝ እየሞከራችሁ ያላችሁ እህቶች፣ ለእናንተ ጂኑም ጤና አዳሙም ሁለቱም ይቅር።

2. ጤና አዳምና ሎሚ በፀሐይ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው በቀጣዩ ቀን ወይም በሁለተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ሰው «አለርጂ ነው»፣ «ምች ነው» ይላል፤ በእውነቱ ግን ቃጠሎ ነው። ሱሉልታ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርድ ቢሆንም ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። ሜዳ ላይ ሎሚ ከጨመቃችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

3. ከረግረግ የተቀነጠሰ ናናና ሌላ ቅጠል። የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል፣ ከብቱና በጉ እዚያው ይውላል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የጉበት ትል በከብቶች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል በከብቱ እበት ይወጣል፣ ውሃ ውስጥ ባለች ቀንድ አውጣ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ውሃ ዳር ባለ ቅጠል ላይ ተጣብቆ የሚበላውን ይጠብቃል። ከብት ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ቅጠሉን ጥሬውን የበላ ሰውንም ይይዛል። ትኩሳት፣ በቀኝ ጎድን ስር ሕመም፣ ክብደት መቀነስ ያመጣል። «ጂኑ ይገድለዋል» እንዳትሉ! በሎሚና በውሃ የተቀጠነ ጂን ለጥቂት ደቂቃ ነክቶት ቅጠል ንጹህ አያደርግም። በውሃ ማለቅለቅም አይበቃም። አስተማማኙ ማፍላት ነው።

4. የመንገድ ዳርና የወንዝ ዳር ቅጠል። ሰበታ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከፋብሪካ በታች ካለ ወንዝ ዳር የሚበቅል ቅጠል ከወንዙ ጋር ብዙ ነገር ይጠጣል። የቡራዩ ዋና መንገድ ዳር የበቀለም የመኪናውን ጭስ ነው የጠገበው። ቅጠል ከፈለጋችሁ ከጓሯችሁ ወይም ከምታውቋት የጉሊት እናት ግዙ።

5. የጥድ ፍሬ። «ጂን ከጥድ ነው የሚሠራው፣ እኛም ጥድ አለን» ብሎ ከእንጦጦ ወይም ከመናገሻ ሱባ ጫካ የለቀመውን ፍሬ የሚዘፈዝፍ አይጠፋም። የእኛ ጥድ ለጂን ከሚውለው የአውሮፓ ጥድ ጋር ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ከጥድ ዘመዶች መካከል መርዛማ የሆኑም አሉ። ጫካውንም ፍሬውንም ተዉት።

6. የማታውቁት ቅጠል ሁሉ። አስተናግር በየቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የበላውን ያስቀባዥራል። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነት ይግላል፣ ሽንት እምቢ ይላል፣ ሰውየው የሌለ ነገር ያያል። በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ጓደኞቹ «ሰክሯል፣ ይተኛበት» ብለው ይተዉታል። መርዝና ስካር ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

ስለዚህ ቅጠል የገባበት መጠጥ ጠጥቶ የተቀባዠረን፣ ሲጠሩት የማይነቃን ወይም ትንፋሹ የተቆራረጠን ሰው ብቻውን አታስተኙት። በጎኑ አድርጉት፣ ምንም አታጠጡት፣ ቅጠሉን ወይም ጠርሙሱን ይዛችሁ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። በማግስቱ ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ ካለም እንዲሁ፤ ያ ሜታኖል የተባለው መርዘኛ አልኮል ምልክት ሊሆን ይችላል። በ2024 መጨረሻ ላኦስ ውስጥ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በዚሁ ሞተዋል። ማኅተሙ የተነካ፣ ዋጋው ከገበያ በታች የሆነ ጠርሙስ አትግዙ።

መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ አስቡበት። የስኳር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው አልኮል ሲጨምርበት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ጉበቱን እጥፍ ያስጨንቀዋል። የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም ትራማዶል ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። «ትንሽ ናት እኮ» አይሠራም።

«ትንሽ» ካልን አይቀር ሒሳቡን እንሥራ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 40 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ጂን ውስጥ ወደ 17 የሚጠጉ መደበኛ መጠጦች አሉ። አራት ጓደኛሞች ቢጨርሱት ለእያንዳንዱ ከ4 በላይ ይደርሰዋል። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው በግምት አንዱን ነው። 8 ሰዓት ላይ ጀምሮ 10 ሰዓት ላይ የጨረሰ ሰው፣ 11 ሰዓት ላይ መኪና ሲያስነሳ አልኮሉ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውሃም፣ ጤና አዳምም አያፋጥኑትም። የጎጃምን መንገድ ይዞ በእንጦጦ ቁልቁል ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ መውረድ በጤናውም ቀን ልብ ይፈልጋል። ኮክቴል ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ስንት እንደጠጣችሁ አይታወቃችሁም።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «አትጠጡ በላቸውና ዝጋው» ይሉኛል። ምክሬ እሱው ነው፤ አለመጠጣት ይሻላል። ግን «አትጠጡ» ብቻ ብለን ስንዘጋ ባዶውን ቦታ ቪዲዮው ይሞላዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ሥራ ነው። ማስታወቂያው ግን አረንጓዴ ቅጠል ለብሶ ስልካችን ውስጥ ገባ፤ አሁን በነጻ የምንሠራለት እኛው ነን። የ17 ዓመት ልጅ «ጤና ነው» የሚለውን አንብቦ ቢያምን በማን እንፈርዳለን? ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከጠጣችሁ መጠጥ በሉት፣ መድኃኒት አትበሉት።

ቅጠሉን ለምትወዱ ደግሞ እኔ የምመክረው ይኸውላችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጦስኝ ወይም ታጥቦ የተከተፈ ናና በሁለት ብርጭቆ ውሃ አፍሉ፣ ከድናችሁ አቀዝቅዙ፣ አጥልሉ። ግማሽ ሎሚና ትንሽ ማር ጨምሩ፤ ልትጠጡ ስትሉ አምቦ ውሃ ሙሉበት። ሽታው አለ፣ ቅዝቃዜው አለ፣ ፎቶውም ያምራል። ሾፌሩም ይጠጣዋል። (የስኳር ሕመም ያለባችሁ ማሩን ተዉት።)

ይሄን ጽሑፍ ለዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ ለሚወጣው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተ ጋ ከመጠጥ ጋር የሚዘፈዘፈው ቅጠል የትኛው ነው? በኮሜንት ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።