ኤሊዋን በስፍራዋ እንተዋት

የላንጋኖ ሐይቅ ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታወቅ ከአዳማም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ያለ ሥጋት ይዋኝበታል። እኛም ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ በሞጆና በመቂ አልፈን ወደዚያ ወርደን ነበር። ስንመለስ ግን አንድ እንግዳ ይዘን ተመለስን። እርሷም ከግራር ሥር ያገኘናት፣ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ኤሊ ነበረች። እንድንወስዳት አባቴን የለመንሁት እኔ ነኝ።

ኤሊዋ በግቢያችን ጎመን እየበላች ኖረች። የሦስት ዓመት ልጅ የሆነችው እኅቴ ከእርሷ አትለይም ነበር፤ ትስማታለች፤ ውሃ የምትጠጣበትንም ሳሕን ታንቦጫርቃለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕፃኗን ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያዛት። ሐኪሙ በመጀመሪያ «ምን በላች?» ሲል ጠየቀ፤ ቀጥሎም «በቤታችሁ ምን እንስሳ አለ?» አለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ ድናለች። ሕመሙ ከኤሊዋ መጣ ብዬ ለመፍረድ ማስረጃ የለኝም፤ ከምግብ ወይም ከውሃም ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ ስላልጠፋ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ።

ያገኘሁት ይህ ነው። ኤሊ፣ እንሽላሊትና እባብ በአንጀታቸው ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ። እነርሱን ብዙውን ጊዜ አያሳምማቸውም፤ ስለዚህ ኤሊዋ ጤነኛ መስላ መታየቷ ዋስትና አይሆነንም። ባክቴሪያው ከዐይነ ምድሯ ጋር እየወጣ በቅርፊቷ፣ በእግሯና በምትጠጣው ውሃ ላይ ይቀራል። ከዚያም ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሻገራል። አንድ ቀን ወጥቶ በሌላው ቀን ላይወጣ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ተመርምራ ነጻ ናት መባሏም አያስተማምንም። ብርቱ ሰው በጥቂት ቀናት ይድናል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት፣ አረጋውያንንና በሌላ ሕመም የደከሙትን ግን ባክቴሪያው ወደ ደማቸው ገብቶ እስከ ሞት ሊያደርሳቸው ይችላል።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1975 መንግሥት የቅርፊታቸው ርዝመት 4 ኢንች፣ ይኸውም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ያልሞላ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ ከልክሏል። ትንሿ ኤሊ ለሕፃን እጅና አፍ ትመቻለችና። የእኛይቱም ከዚህ ልክ አትበልጥም ነበር።

«አያቶቻችን ከከብትና ከዶሮ ጋር ኖረው ምን ሆኑ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፤ ዶሮም ሳልሞኔላን ታስተላልፋለች። ነገር ግን ዶሮ እንቁላል፣ ላምም ወተት ትሰጣለች። ኤሊዋን ከዱር ነጥቀን ማምጣታችን ለእኛ ምን ጠቀመን? ለእርሷስ? ጦጣ ለማሳደግ የሚመኙም አሉ። ጦጣ ሺጌላ የተባለውን፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፤ ንክሻዋም ያመረቅዛል። ከዚህም በላይ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ኤሊ በግቢያቸው ያለች ወላጆች ሕፃናት እንዳይነኳት ይጠብቁ፤ የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሕኗም ከወጥ ቤት ይራቅ። መልሶ ለመልቀቅም የዱር እንስሳት ባለሙያ ይጠየቅ፤ ከቤት የያዘችውን በሽታ ለዱር ጓደኞቿ ልታደርስ ትችላለችና። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በመጪው ዕረፍት ላንጋኖ ስትወርዱ ኤሊ ብታገኙ ቆማችሁ ተመልከቷት፤ ተደሰቱባት፤ ከዚያም በመንገዷ እንድትሄድ ተዉአት። እኔ ይህን የተማርሁት በታመመች እኅቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ እናንተ ግን ከዚህ ገጽ ብትማሩት ይበቃል።