ካሣ ኃይሉ የማን ልጅ ነው?

መርካቶ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ የዱቤ ደብተሩን ቢገልጥላችሁ፣ ውስጡ ያሉት ብዙዎቹ ስሞች በማንም መታወቂያ ላይ አይገኙም። «ከድር» ብሎ ብቻ የጻፈ ነጋዴ ገንዘቡን ከየትኛው ከድር ይጠይቅ? ስለዚህ «ከድር ቀዩ»፣ «ከድር የቡታጅራው»፣ «የሐጂ ልጅ ከድር» እያለ ይጽፋል። የአባት ስም መጨመሩም ብዙ አያዋጣም፤ ከድር መሐመድ በየተራው ሞልቷል። ደግሞስ ባለደብተሩ የሚጨነቀው ሰውዬውን ከሌላው ለመለየት ብቻ አይደለም። ያ ሰው ሳይከፍል ቢጠፋ የማንን በር ያንኳኳል? እቃ ከመስጠቱ በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መልሱ የአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ አይረካም። አጎትህ ማነው፣ እናትህ ከእነማን ቤት ናት፣ አገርህ የት ነው እያለ ይቀጥላል።

ይህን ያነሳሁት ዘር ቆጠራ ሰሞኑን ፋሽን ስለሆነ ነው። በተለይ ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን የቤተሰባቸውን ግንድ ለማወቅ ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፓስፖርታቸው ላይ ያለውን የመጨረሻ ስም ይዞ ተመሳሳዩን ማደን ነው። ዘዴው የእንግሊዞች ነው። እኔ የምከራከረው ይህ ዘዴ እዚህ አገር የሚያገናኘውን ያህል የሚያጠፋ መሆኑን ነው። ምክንያቱም ስም ከደም ይልቅ የሚከተለው ንብረትን ነው፤ የእኛ ንብረት ደግሞ ከእንግሊዞቹ ፈጽሞ በሌላ መንገድ ሲወርድ ኖሯል።

እንግሊዞቹ ለዚህ ሥራ የተመቸ መዝገብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1538 ቶማስ ክሮምዌል በሰጠው ትእዛዝ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን መመዝገብ ጀመረ። ከ1530 እስከ 1688 ድረስ ደግሞ የንጉሡ የአርማ ሹማምንት በየአውራጃው እየዞሩ «ጨዋ ነኝ፣ ጋሻዬ ላይ አርማ አለኝ» የሚለውን ሁሉ የዘር ሐረጉን እያስቆጠሩ ይመረምሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርክ የተባለ ሰው የባለርስቶቹን ቤተሰቦች በመጽሐፍ ደረደራቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድን ስም ብቻ ይዘው በዓለም ዙሪያ የሚያስሱ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2000 ብራያን ሳይክስ የተባለው የኦክስፎርድ የዘረመል ተመራማሪ የራሱን የቤተሰብ ስም የሚጋሩ ወንዶችን አስመርምሮ ግማሽ ያህሉ ከአንድ ወንድ አያት የወረዱ መስለው አገኛቸው። ዘዴው ሠራ ማለት ነው። ግን ግማሹን ያህል ብቻ።

ሌላው ግማሽ የት ገባ ለሚል፣ የደራሲዋን የጄን ኦስተንን ወንድም ታሪክ ማየት ይበቃል። ኤድዋርድ ኦስተን ልጅ የሌላቸው ባለጸጋ ዘመዶቹ ወራሽ አድርገው ወሰዱት። ኬንት ውስጥ ጎድመርሻም፣ ሃምፕሻየር ውስጥ ደግሞ ቾተን የተባሉት ርስቶች የእሱ ሆኑ። ርስቱ ግን ከነስሙ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1812 ከእነልጆቹ «ናይት» ተባለ። የሚያስቀው ነገር ርስቱን ያወረሱት ሰው ወላጅ አባትም ናይት ሆነው አልተወለዱም። መጀመሪያ ብሮድናክስ ነበሩ፤ አንድ ርስት ሲወርሱ «ሜይ» ተባሉ፤ ሌላ ርስት ሲወርሱ ደግሞ «ናይት» ተባሉ። ለቾተን ቤት ስሙ እንደ ቁልፍ ነበር፤ ቤቱን የያዘ ሁሉ ስሙንም ይይዛል። እንዲህ ያለው አሠራር የበቀለው መሬቱ ስለማይከፋፈል ነው። ርስቱ ሳይቆረስ ለአንድ፣ በተለይ ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ርስት፣ አንድ ወራሽ፣ አንድ ስም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያ ጎጃም ደጋ ዳሞት ኖሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ሥራ የርስትን አወራረድ በደንብ ያሳያል። ሰው መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚ አባቱ መወለዱን ቆጥሮ ነው፤ ቆጠራው ግን በአባትም በእናትም ይሄዳል፤ ሴት ልጅም እኩል ትወርሳለች። እንግዲህ አንድ ገበሬ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ በስምንቱም በኩል ርስት ሊጠይቅ ይችላል። በየትኛው ስም ይጠራ? አንዱን መርጦ የቤት ስም ቢያደርግ ሰባቱን በራሱ እጅ መዝጋት ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» በሚባልበት አገር ማን እንዲህ ይሞኛል? ስለዚህ ስሙን ለቀቅ፣ ቆጠራውን ጠበቅ አደረጉት። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እያለ የሚወርደው የዝምድና ስያሜ ለወግ ያህል የተሰደረ አልነበረም። ለችሎት የሚቀርብ ማስረጃ ነበር። ጋብቻም ሲመጣ ያው ቆጠራ ሰባት ቤት ድረስ ይፈተሻል።

ስምን ብቻ ይዞ የሚጓዝ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከታወቁት ሰዎች ታሪክ ልጥቀስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቋራ ላይ አንድ ካሣ ኃይሉ ተነሣ፤ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ካሣ ኃይሉ ተወለደ፤ ኋላ ልዑል ራስ ካሣ የተባሉት፣ በ1928ቱ ጦርነት የሰሜኑን ጦር የመሩት፣ በ1949 ዓ.ም. ያረፉት። የሁለቱም ስም ከነአባታቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው አባት ግን ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ሲሆኑ የሁለተኛው ኃይሉ ወልደ ኪሮስ የላስታው ናቸው። በመካከላቸው ደግሞ ሦስተኛ ካሣ አለ፤ ካሣ ምርጫ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ። በአንድ ክፍለ ዘመን ሁለት ካሣዎች ዙፋን ላይ ወጥተዋል፤ አንዱ ለአንዱ ልጅም ወንድምም አልነበረም። ካሣ የሚባለው ስም ቤተሰቡ ሰው ሲሞትበት ለተወለደ ልጅ የሚሰጥ እንጂ የቤት ማኅተም አይደለምና ይህ ሊደንቀን አይገባም። በየሠፈሩ ያሉት ምትኩና ማስረሻም እንዲሁ ናቸው።

የዘመኑ ሰው እነዚህን የሚለየው በፈረስ ስማቸው ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ከሸማ ተራ ብዙም የማይርቀው ድልድይ በስማቸው የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ይህን የፈረስ ስም ባህል ሰብስበው ማጥናታቸው ትልቅ ውለታ ነው። ከእንግሊዞቹ የጋሻ አርማ ጋር ሲተያይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። አርማው ለልጅ ልጅ ይወርዳል። የፈረስ ስም ግን በአብዛኛው የባለቤቱ ብቻ ነውና ሰውዬው ሲሞት አብሮት ይቀራል።

ራስ ካሣ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ስማቸው ብዙ ጊዜ «ካሣ ኃይሉ ዳርጌ» ተብሎ ይጻፋል። ዳርጌን አይቶ የአባታቸው አባት ነው ብሎ የሚመዘግብ ተመራማሪ ተሳስቷል። ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የራስ ካሣ እናት የወይዘሮ ትሰሜ አባት ናቸው። የሰላሌ ግዛትም ክብርም ለራስ ካሣ የመጣው በእናታቸው በኩል ስለሆነ ስሙም በዚያው መጣ፤ ሕዝቡ ንብረቱንና ማዕረጉን ተከትሎ ጠራቸው። ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚሆነኝ ግን የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ዙፋኑን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ሲያጸና እሳቸውን የሣህለ ሥላሴ ተወላጅ ብሎ ይጠራቸዋል። ሐረጉ እንዴት ነው? አባታቸው ራስ መኰንን፣ የአባታቸው አባት ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዲሳ ናቸው። ሣህለ ሥላሴ የሚገኙት የራስ መኰንን እናት በሆኑት በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ በኩል ነው። በእንግሊዝ ዘዴ ቢሄድ ንጉሠ ነገሥቱ «የጉዲሳ ቤት» ይሆኑና የዙፋን ጥያቄያቸው ከነጭራሹ ከገጹ ይጠፋል። የአገሪቱ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የቆመው ስም በማያሳየው፣ አያት ሴት ብቻ በምታሳየው ሐረግ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቆጠራ ለምን ተረሳ? የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ስለተጣዱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የቆጠራውን ደመወዝ አስቀረ። ቅናጁን የሚያውቅ ሽማግሌ ከዚያ በፊት የመሬት ጠበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተረት ተራኪ ሆነ። ጋብቻው ብቻ ቀረ፤ እሱም ሠርጉ ሲቃረብ የሚታወስ ነገር ነው።

ቆጠራው ጨርሶ ያልሞተው አሁንም በሚከፍልበት ቦታ ነው፤ ከነዚያ አንዱ መርካቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ገበያው ከአራዳ ወደዚህ ሲዛወር፣ ቀጥሎም ባሉት አሥርት ዓመታት፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶች ከሱቅ በደረቴ ተነስተው ባለሱቅ ሆኑ። መጀመሪያ እቃ ያስያዛቸው ባንክ አልነበረም፤ የአገራቸው ሰው ነው። ቸሃ ነህ፣ እዣ ነህ፣ እነሞር ነህ፣ ሙህር ነህ? ከየትኛው ቤት? ሰባት ቤት ጉራጌ የሚለው አጠራር ራሱ ሰውን በአንድ አባት ስም ሳይሆን በአገርና በቤት የሚያስቀምጥ ነው። ጎጃም ውስጥ መሬት ያስገኝ የነበረው ቆጠራ ሸማ ተራ ላይ ዱቤ ያስገኛል። የጠፋ ልጅ የሚፈለገው በቤቱ በኩል ነው፤ እዳው የሚሸመገለውም እንደዚያው። ዕቁብ ውስጥ የመጀመሪያውን ዕጣ ያወጣ ሰው ዋስ ሲጠራ ማንን እንደሚጠራ ያየ ሰው የማወራውን ያውቃል።

መርካቶ ግን ሌላም ነገር ጀምሯል፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያስገርመኝ። የሱቅ ሰሌዳዎቹን ተመልከቱ፤ «እገሌ እና ልጆቹ»፣ «እገሌ እና ወንድሞቹ»። እንዲህ ያለው የንግድ ቤት ስም ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። ከጣሊያን በፊት በከተማዋ ገንነው የነበሩት የሕንዱ የመሐመድ አሊ ሱቆች በዚሁ መንገድ ይሠሩ ነበር። መሬት ለሰባት ልጆች ቢቆረስ ሰባት ማሳ ይሆናል። ሸማ ተራ ላይ ያለ አንድ ሱቅ ግን ቢቆረስ ሱቅ መሆኑ ይቀራል፤ ባንኮኒው አንድ ነው፣ ደንበኛውም የሚመጣው አንዱን ስም ብሎ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁማሉ፤ የአባት ስም የድርጅት ስም ይሆናል፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ በደረሰኝ ላይ በየቀኑ ይታተማሉ። የማይከፋፈል ንብረት ሲመጣ የማይለወጥ ስም ተከትሎት መጣ። የኤድዋርድ ናይት ታሪክ በእኛ ቋንቋ ማለት ነው።

ሕጉ ይህንኑ በአዋጅ ሊያመጣ ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንደሚኖረው ይደነግጋል። ስድሳ ዓመት አለፈ፤ ዛሬም መታወቂያችን ላይ ያለው ራሳችን፣ አባታችንና አያታችን ናቸው፤ በየትውልዱም አንዱ ከኋላ ይወጣል። ሕጉ ስሙን ሲሰጥ ስሙ የሚንጠለጠልበት ንብረት አልሰጠም። የንግድ መዝገብ ግን ሳያስበው ሰጠ።

ውጭ አገር ደግሞ ንብረቱ ፓስፖርቱ ነው። የራስ ካሣ ልጅ ልዑል አሥራተ ካሣ ናቸው፤ የእሳቸው ልጅ ጀርመን አገር የሚኖሩት ደራሲ አስፋ ወሰን አሥራተ ናቸው። እዚያ «አሥራተ» የቤተሰብ ስም ሆኗል። ከመቶ ዓመት በኋላ በስሙ ብቻ የሚፈልግ ጀርመናዊ ዘር ቆጣሪ ከአሥራተ ወደ ካሣ፣ ከካሣ ወደ ዳርጌ፣ ከዳርጌ ወደ ሣህለ ሥላሴ የሚወስደውን መንገድ አያገኝም። ይባስ ብሎ ወንድማማቾች በተለያየ ጊዜ ወጥተው አንዱ በአባት፣ አንዱ በአያት ስም ሲመዘገቡ፣ ልጆቻቸው በወረቀት ላይ ባዕድ ይሆናሉ። ምንም የማይገናኙ ሁለት ተስፋዬዎች ደግሞ ዘመድ ይመስላሉ።

የቤተሰብ ስም እንያዝ የሚሉትን አልቃወምም፤ ኑሮው ካስገደደ ምን ይደረጋል። ግን «እገሌ እና ልጆቹ» የሚለውን ሰሌዳ ደግሜ ሳየው አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሴቶቹ ልጆችስ? ድርሻቸው ማኅበሩ ውስጥ ከወንድሞቻቸው እኩል ነው። ልጆቻቸው ግን የሚጠሩት በባሎቻቸው ስም ነው። ሁለት ትውልድ ቆይቶ የዚያ ሱቅ ባለቤቶች ግማሹ በሰሌዳው ስም አይገኙም። ስለዚህ ዘሩን ሊፈልግ ለሚነሳ ሰው የምመክረው ከአያቱ ከሴቷ እንዲጀምር ነው፤ ስሟን ብቻ ሳይሆን የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን አጥቢያና የወንድሞቿን ልጆች ይጠይቅ። ቀጥሎ ሠርግ ላይ ማን ከማን እንዳይጋባ የተከለከለውን ይጠይቅ፤ ቀጥሎም የእድሩን መዝገብ ያስገልጥ። የመጨረሻው ስም በመጨረሻ ይምጣ።