እርቁ ከመፈረሙ በፊት መድን ሰጪው ይወቅ

መካነ ሰላም ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻና ክስ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ከመሬትና ከውርስ ቀጥሎ ጠረጴዛዬ ላይ የሚበዛው የመኪና ጉዳይ ነው። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚያመጣውን መንገድ የሄደበት ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተውብናል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ።

ባለመኪኖች ሁሌም የሚያነሱት "ኢንሹራንስ አለኝ፣ ለምን አይከፍሉኝም?" የሚለውን ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳየው በብዛት ሦስተኛ ወገን ሆኖ አገኘዋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ሽፋኑ ግን መኪናው ለሚጎዳው ሰውና ንብረት ነው። አይሱዙው ተገልብጦ ቢጨፈለቅ ባለቤቱ ከዚያ ውል አንድ ብር አያገኝም። ለመኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ መግባት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን የተጻፈበትን የመኪና ዋጋ ተመልከቱ። ዛሬ አራት ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በሁለት ሚሊዮን ተመዝግቦ ከሆነ፣ የስድስት መቶ ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስበት ሊከፈል የሚችለው ሦስት መቶ ሺህ ነው፤ ከዚያም ላይ ባለመኪናው ራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ አለ። የብር ዋጋ እንዲህ በወደቀበት ጊዜ የዛሬ አምስት ዓመቱን ዋጋ እየደገሙ ውል ማደስ ገንዘብ መጣል ነው።

ሦስተኛ ወገንም ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር የተቆረጠው። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ልዩነቱ ከባለመኪናው ኪስ ይወጣል። "እኔ እኮ አልነዳሁም፣ ሾፌሩ ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 ግን ባለቤቱ ባይነዳም ተጠያቂ ነው። ቤቱን ሸጦ ካሳ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የእርቁ ወረቀት ነው። በአገራችን መኪና ሰው ሲገድል ሽማግሌ ወዲያው ይገባል። መግባቱም ተገቢ ነው፤ ደም እንዳይፈላለግ፣ የሟች ወንድምና የሾፌሩ ወንድም አንድ ገበያ ላይ በሰላም እንዲገናኙ የሚያደርገው ሽማግሌ ነው። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ሲጻፍ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ከሾፌሩም ከባለመኪናውም ምንም ነገር አንጠይቅም" ተብሎ ይፈረማል። ከወራት በኋላ መበለቲቱ ልጆቿን ይዛ ካሳ ስትጠይቅ ያው ወረቀት ይወጣባታል፤ መብትሽን ትተሻል ትባላለች። በሌላ በኩል ባለመኪናው በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን አምኖ ከኪሱ ይከፍልና መድን ድርጅቱ እንዲተካለት ይሄዳል። ውሉ ግን ያለ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋት ማመንም ሆነ ካሳ መስማማት ይከለክላል። ሁለቱ ቤተሰብ በቅን ልብ ታርቆ ሁለቱም ባዶ እጁን ይቀራል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው እፊቴ የተቀመጡ ሰዎችን ፊት አልረሳም።

ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች አባቶቼን የምለምነው ይህን ነው። እርቁን አውርዱ፣ ደሙን አድርቁ። ባለመኪናው ግን አስቀድሞ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያሳውቅ። ወረቀቱ ላይም "ደሙን ይቅር ተባብለናል፤ ቤተሰቡ ከመድን የሚያገኘው ካሳ ግን መብቱ እንደተጠበቀ ነው" የሚል ቃል ይግባ። ይህች አንዲት መስመር የአንድ ቤት ልጆችን ታስተምራለች።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ካልተገኘ፣ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ሆኖ ከተገኘ፣ ካሳው ከመድን ፈንድ ይጠየቃል። ይህንን የሚያውቅ የገጠር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። የተጎዳ ሰው ደግሞ የድንገተኛ ሕክምና በነጻ የማግኘት መብት በዚያው አዋጅ ተሰጥቶታል፤ ሲታወጅ ጣሪያው 2,000 ብር ነበር። ቁስለኛን "መጀመሪያ ገንዘብ አምጡ" የሚል ካለ ሕጉን ጥሷል።

ለመድን ድርጅቶችም የምለው አለኝ። ከዚህ ደጋ አረቦን ትሰበስባላችሁ፤ ውሉን ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ነው የምትሰጡት። የንግድ ሕጉ አደጋ በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲነገራችሁ ያዛል። ኔትወርክ በሚጠፋበት፣ መንገድ በሚዘጋበት አገር አምስት ቀን አጭር ነው፤ ባለመኪናው ይህን ግዴታ በማያነበው ቋንቋ ከጻፋችሁበት ደግሞ ከነጭራሹ አያውቀውም። ውሉን በአማርኛ አዘጋጁ። የማትከፍሉበትን ሁኔታ፣ ትርፍ መጫኑን፣ የመንጃ ፈቃዱን ደረጃ፣ የተሳፋሪውን ቁጥር፣ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት አንብቡለት። ትራፊክ ሲያስቆመው የሚያሳየው ወረቀት ብቻ ሸጣችሁለት አትሂዱ።

በመጨረሻ፣ ጉዳት ደርሶባችሁ ወይም ሰው ሞቶባችሁ የፖሊሱን ማስረጃ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ። ከመድን ውልም ሆነ ከጉዳት የሚነሳ የካሳ ጥያቄ በመደበኛነት በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል።