ከደንቢያ ሜዳ እስከ ጤና ኬላ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ማክሰኝት ላይ ብትቆሙ፣ ወደ ጣና የተንጣለለው የደንቢያ ሜዳ ሩቅ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በዚያ ሜዳ የገባ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። መንግሥትም ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ። ኮሌጁ ያኔ ያሠለጠነው ሐኪሞችን አልነበረም፤ በቡድን ገጠር የሚወርዱ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን እንጂ። ሕመምተኛው ከተማ እስኪደርስ አለመጠበቅ፣ ይህ ነበር ሐሳቡ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ሴት መሆናቸው ለእኛ ቤተሰቦች ትልቅ ነገር ነው፤ ለወንድ ባለሙያ መናገር የምታፍር እናት ለእነርሱ ትናገራለችና። በጤና ኬላውም ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ወባ በደቂቃዎች ይለያል፤ መድኃኒቱም እዚያው ይሰጣል።

ታዲያ ኬላው ሲዘጋ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅስ? በፈረንጆች 2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት መድኃኒት ማድረሱም ከብዶ ቆይቷል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ልጅ ሲያተኩሰው "ብርድ ነው፣ ያልፋል" አንበል፤ በዚያው ቀን ይመርመር። አጎበሩም የእህል መሸፈኛ መሆኑ ይቅርና ነፍሰ ጡሯና ሕፃናቱ ይተኙበት። የጀመዓ ሽማግሌዎች ደግሞ ኬላቸው መድኃኒት ይኑረው አይኑረው ወረዳውን ይጠይቁ፤ መልሱንም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው ይንገሩ።