የደቦ ሥራና ክፉ ቃል



በመንዝ ገብስ ሲደርስ ደቦ የጠራ ሰው ጎበዝ አጫጁን ብቻ አይፈልግም። ሽማግሌው መርቆ ያስጀምራል፥ ልጁም ነዶ ያቀብላል፤ ደመወዝ የሚቈጥር የለም። ጠላው ቢቀጥን እንኳ ሰው ታግሦ ያልፈዋል። ነገር ግን ባለፈው ኅዳር አንድ ባለ ማሳ የጎረቤቱን ልጅ በሰው ፊት «እጀ ሰባራ» ብሎ ሲሰድበው አየሁ። ልጁ ዝም ብሎ ሲሠራ ዋለ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን እሱም ሁለቱ ወንድሞቹም በዚያ ማሳ ላይ አልታዩም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ኮምፒዩተር ለመናገር ነው። ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር የዓለም ደቦ ነውና። ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ የፈቀደ ሰው ያነበዋል፥ ያርመዋል፥ ያረመውንም ይልካል፤ ጠባቂዎቹም መርምረው ይቀበሉታል ወይም ይመልሱታል። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስን በ1983 ዓ.ም. የጀመረው በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮቻችን በዚያው መሠረት ላይ ይሠራሉ። እርግጥ ከሊኑክስ ሠራተኞች ብዙዎቹ አሁን የኩባንያ ደመወዝተኞች ስለ ሆኑ ምሳሌዬ ሙሉ አይደለም።

ቶርቫልድስ በሥራው ጥንቃቄ የተመሰገነውን ያህል፥ ደካማ ኮድ በላኩለት ላይ በሚያወርደው ስድብም የታወቀ ነበር። ሥራውን ያጠራው ይኸው ቁጣ ነው የሚሉም አልታጡም። ዳሩ ግን በመስከረም 2011 ዓ.ም. ራሱ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሰውን ስሜት መረዳት እንዲችል ርዳታ እንደሚሻም ገልጾ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ተለየ። ሊኑክስም በዚህ አልፈረሰም።

ክፉ ቃል ከተጠቃሚው ወደ ጠባቂውም ይሄዳል፤ በእኔ ዐሳብ ይህኛው ይብሳል። የጋራ ነገር ጠባቂ እንደሚያሻው መንዝ ያውቃል፤ አባቶቻችን የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግተው እያስጠበቁ፥ ሲደርስ በስምምነት ያጭዱት ነበር። ኤክስዚ የሚባለውን የፋይል መጭመቂያ ደግሞ አንድ ሰው ያለ ደመወዝ ለብዙ ዓመታት ጠብቆታል። በ2014 ዓ.ም. ይህ ሰው ድካሙንና ሕመሙን እየተናገረ ሳለ፥ ዘግይተሃልና ለሌላ ልቀቅ የሚሉ መልእክቶች ወረዱበት። በኋላም ደግ መስሎ ለቀረበ ረዳት ሥልጣኑን አካፈለ። ረዳቱም ስውር በር ሠርቶ በኮዱ ውስጥ አስገባ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የግማሽ ሴኮንድ መዘግየት ተከታትሎ ባይደርስበት ኖሮ፥ በብዙ አገር ያሉ ኮምፒዩተሮች ለሌባ ክፍት በሆኑ ነበር። ከወቃሾቹም አንዳንዶቹ የተንኰሉ ተባባሪዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። ሌባው የደከመ ሰው በምን እንደሚሸነፍ ዐውቆ ነበር ማለት ነው።

ጓደኞቼ ይህን ስናገር ስሕተት አይነገር የምል ይመስላቸዋል። አይደለም። እርጥብ ነዶ ከገባ ክምሩን ያሻግተዋልና ይመለስ። ነዶው ይመለስ እንጂ ልጁ ለምን ይባረራል?

በእኔም ደርሶብኛል። ባለፈው ዓመት በአንድ ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ትርጉም ውስጥ፥ «አስቀምጥ» መባል የሚገባው «አድን» ተብሎ አገኘሁ፤ ፋይሉ ወንዝ የወሰደው ይመስል! እርማት ላክሁ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው መልስ የደንብ ቁጥር የሚጠቅስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ስሜም ምስጋናም የለበትም። ምናልባት አላላኬ በእውነት ጕድለት ነበረው። ጕድለቱን ቢያሳዩኝ በዚያው ቀን አስተካክዬው ነበር፤ እኔ ግን አኵርፌ ወራት አሳለፍሁ።

ስለዚህ የኮምፒዩተር ክበባችን በዚህ ዓመት ትርጉም ሲጀምር፥ አዲስ ገቢ ለሚያመጣው ሥራ በዚያው ሳምንት ውስጥ፥ በስሙ ተጠርቶ፥ መልስ እንዲሰጠው አሳስባለሁ። ያን «አድን» የሚለውን ቃል እኔም ባለፈው ሳምንት እንደገና አርሜ ልኬዋለሁ። ይህን እስክጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም።